የማዶ ትከሻ

ዬሊፕ ዘጠኝ ሲደመር ዘጠኝ አሥር ነው ብላ ጻፈች።

መምህርት ሮቢና ደብተሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው። ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው፤ በልበ ሙሉነት የተጻፈ አሥር ነው። የሌላ ልጅ ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ ታልፈው ነበር። ዬሊፕን ግን ከሦስት ቀን በፊት በዓይኗ አይታታለች። ቅዳሜ ዕለት አጎቷ አሳማ አርዶ መንደሩን ሲጋብዝ፣ የጎደሬውን እስር ለየቤቱ ያከፋፈለችው ይህችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ቤት ከወንዙ ወዲህ፣ ዘጠኝ ቤት ከወንዙ ወዲያ። አንድም ቤት አልተዘለለም፤ አንድም ቤት ሁለቴ አልወሰደም። ጭራሽ አንድ ሽማግሌ ዞረው ሁለተኛ ሊቀበሉ ሲሰለፉ፣ "አባባ፣ እርስዎ እኮ ክርኔ ላይ ወስደዋል!" ብላ ሰዉን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ክርኗ ላይ ያለችው በከንቱ አይደለም። በቴካፕ ሸለቆ ቁጥር የሚኖረው ገላ ላይ ነው። ከቀኝ አውራ ጣት ይጀመራል፤ አምስቱ ጣቶች አምስት ናቸው። አንጓ ስድስት፣ የክንድ ሥጋ ሰባት፣ ክርን ስምንት፣ ጡንቻ ዘጠኝ፣ ትከሻ አሥር፣ የአንገት ጎን አሥራ አንድ፣ ጆሮ አሥራ ሁለት፣ ዓይን አሥራ ሦስት፣ አፍንጫ አሥራ አራት። እስከዚህ ድረስ ግራ እጅ ነው ቀኙን ገላ እየነካ የሚወጣው። አፍንጫ ላይ እጅ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጅ ግራውን ገላ እየነካ ይወርዳል። የማዶ ዓይን አሥራ አምስት፣ የማዶ ጆሮ አሥራ ስድስት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የማዶ ትንሿ ጣት ላይ ሃያ ሰባት ሲሆን ገላ ይሞላል። ያኔ ሁለቱን ቡጢ ወደ ላይ አንስቶ "ፉ!" ብሎ መጮህ ነው። ሌላ ከተረፈ እንደገና ከአውራ ጣት።

ቅዳሜ አሥራ ስምንት ቤት ያላሳሳታት ልጅ ማክሰኞ ዘጠኝና ዘጠኝን እንዴት አሥር ታደርጋቸዋለች? ሮቢና ልትፈታው የተነሣችው ጥያቄ ይህ ነበር። ጥያቄው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከዋና ከተማው ከፖርት ሞርስቢ በመጣው ደብዳቤ መሠረት፣ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ኢንስፔክተር መጥቶ የሦስተኛ ክፍልን ይፈትናል። ከሠላሳ አንዱ ተማሪ ቢያንስ አሥራ ስድስቱ ካላለፉ ክፍሉ ይዘጋል። ዐምና አምስት ነበሩ ያለፉት፤ ካቻምና ሰባት። ቀጣዩ ትምህርት ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በመካከል ገደል፣ ገደሉ ላይ የገመድ ድልድይ። ሴት ልጁን በዚያ መንገድ የላከ ወላጅ በሸለቆው እስካሁን አልታየም።

ሮቢና ችኩል ሰው አይደለችም። የቸገራትን ነገር ቆርሳ ቆርሳ ነው የምታየው። መጀመሪያ፣ ልጆቹ ርቧቸው ይሆን አለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሂሳብ ክፍለ ጊዜ በፊት ከራሷ ማሳ ስኳር ድንች እየጠበሰች አበላቻቸው። ጠገቡ፤ ስህተቱ ግን እንደነበረ ቀረ። ቀጥላ፣ እንግሊዝኛው ይሆናል አለች። ጥያቄዎቹን ሁሉ በሸለቆው ቋንቋ አድርጋ ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ዬሊፕ አሁንም አሥር አለች። ስለዚህ ሮቢና "ቋንቋ" የሚለውን ከዝርዝሯ ላይ ሰረዘች። በዚያች ጭረት አንድ ወር አጠፋች።

በሦስተኛው፣ ይኮራረጁ ይሆናል ብላ አራርቃ አስቀመጠቻቸው። በአንዱ ጥግ ያለችው ዬሊፕና በሌላው ጥግ ያለው ቀልደኛው ኦቤድ፣ ፊት ለፊት እንኳ ሳይተያዩ፣ ሰባት ሲደመር ስምንትን ሁለቱም አሥራ ሦስት አሉት። ሮቢና ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ያን ጊዜ ደነገጠች። ያልተያዩ ልጆች አንድ ዓይነት ስህተት ከሠሩ፣ ስህተቱ መንገድ አለው ማለት ነው። መንገድ ያለው ነገር ደግሞ ይከተሉታል።

በቀጣዩ እሑድ ዝናቡ አላስወጣ ሲላት የሠላሳ አንዱን ደብተር ወለል ላይ ዘረጋችና ስህተቶቹን ብቻ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለቀመች። በግራ በኩል ልጆቹ የጻፉትን፣ በቀኝ በኩል ልክ የሆነውን። ዘጠኝ ሲደመር ዘጠኝ፦ አሥር ብለዋል፣ አሥራ ስምንት ነው። ሰባት ሲደመር ስምንት፦ አሥራ ሦስት ብለዋል፣ አሥራ አምስት ነው። አሥራ ሁለት ሲደመር ስምንት፦ ስምንት ብለዋል፣ ሃያ ነው። አሥር ሲደመር ስድስት፦ አሥራ ሁለት ብለዋል፣ አሥራ ስድስት ነው።

መጀመሪያ ያየችው፣ ድምሩ ከአሥራ አራት ሳያልፍ ሲቀር ማንም አለመሳሳቱን ነው። ስድስት ሲደመር ሰባት፣ ሁሉም ልክ። አምስት ሲደመር ስድስት፣ ሁሉም ልክ። አሥራ አምስት ላይ ሲደርሱ ግን እንደ በግ መንጋ ተከታትለው ገደል ይገባሉ። አሥራ አራት ላይ ምን አለ? ይህን ስትል ጣቷ ሳታዝዘው ሄዶ አፍንጫዋን ነካ።

ቀስ ብላ የተሳሳተውንና ልኩን ደመረች። አሥርና አሥራ ስምንት፣ ሃያ ስምንት። አሥራ ሦስትና አሥራ አምስት፣ ሃያ ስምንት። ስምንትና ሃያ፣ ሃያ ስምንት። አሥራ ሁለትና አሥራ ስድስት፣ ሃያ ስምንት። እንዴት ያለ ነገር ነው! ልጆቹ አልተሳሳቱም። ልክ የሆነው ቦታ ደርሰው፣ የተሻገሩበትን ወገን ብቻ ነው የጣሉት። አሥርም ትከሻ ነው፤ አሥራ ስምንትም ትከሻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዬሊፕን ወደ ፊት ጠራቻት።

"ዘጠኝ ሲደመር ዘጠኝ።"

"አሥር፣ ቲቸር።"

"እስቲ በእጅሽ አሳዪኝ።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሮቢና በዚህ ክፍል ባስተማረችባቸው ስድስት ዓመታት የመጀመሪያው ሕግ "እጅ ዴስክ ላይ!" የሚለው ነው። እሷንም በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት እንዲሁ አድርገዋታል፤ ገላዋን እየነካች ስትቆጥር በማስመሪያ ጠርዝ ጣቷን ተገርፋ ነው የተማረችው። ገላ የሚነካ ልጅ አያስብም ተብላ ነው ያደገችው።

"ይመቱኛል?" አለች ዬሊፕ።

"አልመታሽም፣ የኔ እናት።"

ልጅቷ ከጡንቻዋ ተነሣች፤ ትከሻ፣ አንገት፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፤ እጇን ለወጠች፤ የማዶውን ዓይን፣ ጆሮ፣ አንገት ነክታ ግራ ትከሻዋ ላይ ቆመች።

"ትከሻ። ይኸው እኮ ነው ያልኩት።"

"የትኛው ትከሻ?"

ዬሊፕ መምህርቷን ማስተዋል እንደጠፋው ሰው አየቻት። "ይሄ ነዋ፣ ቲቸር!"

"ቲቸር ትከሻ ጠፋባቸው!" አለ ኦቤድ ከኋላ። "ፈልጉላቸው!"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሮቢናም ሳቀች። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ የተጻፈ ነገር የምታጠፋ መስላ ቆየች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

አሁን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። በሸለቆው ሰው ሲያወራ "የማዶ" የሚለውን ቃል አዘውትሮ አይልም፤ ምን ያደርግለታል? እጁ ይናገርለታል። ከቁጥሩ ግማሹ አፍ ላይ ነው፤ ግማሹ እጅ ላይ። "እጅ ዴስክ ላይ" ሲባሉ ልጆቹ በሆዳቸው ይቆጥራሉ፤ በትክክል ይሄዳሉ፤ ትከሻ ይደርሳሉ። በሆድ ውስጥ ግን ትከሻ ያው ትከሻ ነው። እሷም ጥያቄውን በሸለቆው ቋንቋ በጻፈች ጊዜ ቋንቋውን የሰጠቻቸው መስሏት ነበር እንጂ የሰጠቻቸው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ዴስክ ላይ ቸንክራዋለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት እናት ልጇን በቢሉም ከረጢት ውስጥ ጀርባዋ ላይ አንጠልጥላ፣ በላዩ እንጨት ተሸክማ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ሮቢና አወቀቻት። ከአራት ዓመት በፊት ወድቃ የሄደች ተማሪዋ ናት።

"ቲቸር፣ እንደምን ዋሉ?"

"ደህና ነኝ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሥራ ሁለት ሲደመር አሥራ አንድ?"

ልጅቷ ሳቀች። እንጨቱን አወረደች፤ ከጆሮዋ ተነሥታ፣ አፍንጫዋ ላይ እጅ ለውጣ ወረደችና የግራ አውራ ጣቷን አቆመች። ሃያ ሦስት።

"ፈተና ላይ ይህን ስንት ብለሽ ጻፍሽ?"

"እኔ እንጃ። አንድ ብዬ ይሆናላ! ደደብ ነበርኩ እኮ፣ ቲቸር" አለች፤ እንደ ቀልድ፣ ያለ ምንም ቂም። እንጨቷን አንሥታ ሄደች። ሮቢና አጥሩን ይዛ ቆመች። በስድስት ዓመት ስንቱን ልጅ "ደደብ ነበርኩ" እያለ እንዲኖር ሰደደችው? ልትቆጥራቸው ጀምራ ተወችው።

ፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ሮቢና ያሰበችው መላ ቀላል ነበር፦ የማዶውን ገላ ከወዲህኛው የሚለይ ምልክት ማድረግ። ማክሰኞ ጠዋት ከወንዙ ዳር ነጭ የሸክላ ጭቃ በባልዲ አመጣችና የልጆቹን ግራ ክንድና ግራ ጉንጭ ቀባች። የተቀባው ማዶ ነው፤ ቁጥሩ የተቀባው ላይ ከደረሰ ከአፍንጫ አልፏል ማለት ነው። እስከ እኩለ ቀን ከሠላሳ አንዱ ሃያ አራቱ ሁሉንም ጥያቄ ልክ ሠሩ። ሮቢና በደስታ ምሳ እንኳ መብላት አቃታት። ልጆቹን እንደተቀቡ ወደየቤታቸው ሰደደቻቸው።

ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ጮኸች። ቀጥሎ የጎረቤቷ ድምፅ ተከተለ፤ ወዲያው ሸለቆው በሙሉ እዬዬ ሆነ። ወንዶች ከየማሳቸው መቆፈሪያቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ። ከፊት የነበረው የዬሊፕ አባት ሙሱን ነው።

"ማን ሞተ?" አለ እያለከለከ።

"ማንም አልሞተም።"

"ማንም ካልሞተ ልጄ ለማን ነው ሸክላ የተቀባችው? ለእኔ ነው? ገና በእግሬ እየሄድኩ?"

"ሙሱን፣ ወንድሜ፣ ለሂሳብ ነው…"

"ለሂሳብ! ስሙልኝ፣ ሂሳብ ሞቷል!" ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ማንም አልሳቀም። "አንቺ እዚሁ አይደል የተወለድሽው? እናትሽ ስትሞት ማን ቀባሽ? የኔ እናት አይደለችም?"

ሮቢና የሸለቆው ልጅ ሆና ሸክላ የሐዘን መሆኑ እንዴት ይጠፋታል? አልጠፋትም፤ ሸክላውን ስታይ ነጭነቱ ብቻ ነበር የታያት። ያለ ሞት ሐዘን የለበሰ ቤት ሞትን ይጠራል። ለጥፋቷ ካሣ ያላትን አንድ አሳማ ሰጠች። ያም ሆኖ ወላጆቹ ሁለት ሳምንት ልጅ አልላኩም። ከሰባቱ ሳምንት ሁለቱ በባዶ ዴስኮች ፊት አለፉ።

ልጆቹ ሲመለሱ ሴቶቹ ቢሉም የሚሠሩበትን ቀይ ክር ቆራርጣ በየግራ አንጓቸው አሰረችላቸው። ክሩ ያለበት ወገን ማዶ ነው። እጃቸው ዴስኩ ላይ ቢቀመጥም ክሩ ይታያቸዋል፤ በሆዳቸው አፍንጫን ሲያልፉ ዓይናቸው ወደ ክሩ ይሄዳል። በልምምድ ፈተናው በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ልጆች አለፉ፤ በሁለተኛው አሥራ ሰባት፤ በአራተኛው ሃያ አንድ። ዬሊፕ አንድም አትስትም። ሙሱን እንኳ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ "ልጄ ማታ ማታ አታስተኛኝም፤ እየጠየቀች ታፋጥጠኛለች" ብሎ ነበር፤ የይቅርታው አነጋገር ይህ መሆኑ ነው።

ኢንስፔክተሩ ሚስተር ሎሂያ በፈተናው ዋዜማ ሣር በበቀለበት ማረፊያ ላይ በትንሿ አውሮፕላን መጣ። የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ። ጠዋት ክፍል ገብቶ ልጆቹን በፈገግታ አያቸው፤ ከዚያ አንጓቸውን አየ።

"ይህ ክር ምንድን ነው?"

"መቁጠሪያ ነው፣ ጌታዬ" አለች ሮቢና። ቃሉ ካፏ ወጥቶ ሳያልቅ ጥፋቷን አወቀች።

"መቁጠሪያ ፈተና ክፍል አይገባም። መመሪያውን ያውቁታል፣ መምህርት። ክሩን ፍቱ፣ ልጆች። እጅ ዴስክ ላይ።"

ሮቢና ልትናገር አፏን ከፈተች። ኢንስፔክተሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ፈተና ተጀምሯል። አርባ አምስት ደቂቃ በሩ አጠገብ ቆማ የልጆቹን ትከሻ ስታይ ቆየች። ዬሊፕ በየጥያቄው መሐል ባዶ አንጓዋን ታያለች፤ ክሩ የነበረበት ቆዳ ላይ ቀለም እንኳ አልቀረም።

ዘጠኝ ልጆች አለፉ። ዬሊፕ አላለፈችም።

ሮቢና ያን ትልቅ ወረቀት ጠቅልላ ኢንስፔክተሩን ማረፊያው ላይ ደረሰችበት። አብራሪው ደመናውን እያየ "ሚስተር ሎሂያ፣ አሁን ካልተነሣን እዚሁ ስኳር ድንች ተክለን መኖራችን ነው!" እያለ ይጮኻል።

"አምስት ደቂቃ ይስጡኝ" አለች ሮቢና። "የልጆቹን ስህተት ከሃያ ስምንት ይቀንሱት። ሌላ ምንም አልልም።"

ሎሂያ ግራ እየተጋባ የፈተና ወረቀቶቹን ከቦርሳው አወጣ። "አሥራ ሦስት ሲደመር ዘጠኝ፣ ስድስት ብላለች። ሃያ ስምንት ሲቀነስ ስድስት… ሃያ ሁለት።" ቀና ብሎ አያት። ሌላ ወረቀት መዘዘ። "አሥራ ሦስት… አሥራ አምስት። እንዴ! ስምንት… ሃያ። ቆይ፣ ቆይ፣ ይህኛው አንድ ይላል። ሃያ ሰባት ሊሆን ነው? መልሱ ሃያ ሦስት ነው እኮ።"

"ጣት ላይ ሲደርስ ሕጉ ይለወጣል" አለች ሮቢና፤ ያን ጊዜ ለአፍታ ሐዘኗን ረስታ ዓይኗ በራ። "እጃችንን ስንወርድ ከአንጓ ቀጥለን ወደ አውራ ጣት ነው የምንሄደው፤ ከትንሿ ጣት አንጀምርም። ስለዚህ ለጣቶች መቀነስ የለም፤ ሃያ ሁለት መደመር ነው። አንድ ሲደመር ሃያ ሁለት።"

"ሃያ ሦስት።" ኢንስፔክተሩ ጮክ ብሎ ሳቀ። "እህቴ፣ አንቺ እኮ ለስህተት ሕግ አወጣሽለት!"

"እንዲህ ከታረመ ሃያ ስድስት ልጅ ያልፋል።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ወረቀቶቹን አስተካክሎ መለሳቸው። "ሮቢና፣ አምንሻለሁ። ፎርሙ ላይ ግን የሚሞላው የጻፉት ቁጥር ነው። ያሰቡት የሚሞላበት ቦታ የለውም።"

"ይኑረዋ!"

"እኔ የምችለው አንድ ነገር ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚህ አልፋለሁ። ድጋሚ እፈትናለሁ። ያው መመሪያ ነው፤ ክር የለም፣ እጅ ዴስክ ላይ። አሥራ ስድስት ካለፉ ክፍሉ ይቀራል።" ወደ አውሮፕላኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። "ካላለፉ ዴስኮቹን የሚወስድ አውሮፕላን ይመጣል። አስቀድሜ ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው።"

ሮቢና እንደ ልማዷ ነገሩን ቆርሳ አየችው። ዘጠኙ ያለፉት እንዴት አለፉ? አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀቻቸው። ስድስቱ እንዴት እንዳለፉ ራሳቸውም አያውቁም። ሁለቱ መልሱን በቃል ሸምድደውታል። የቀረው ኦቤድ ነው።

"አይቆጡኝም?"

"አልቆጣም።"

"እኔ አፍንጫ ላይ ስደርስ ቂጤን አዞራለሁ።"

ክፍሉ ፈነዳ። ኦቤድ አላፈረም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አሳያቸው። እስከ አፍንጫ ድረስ በቀኝ ጎኑ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሲያልፍ ወደ ግራው ይዛወራል። ሲጨርስ በየትኛው ጎኑ እንደተቀመጠ አይቶ መልሱን ይጽፋል።

"ኦቤድ በቂጡ አለፈ!" አለች አንዷ።

"ያንቺ ምን ሠራልሽ?" አላት።

ሮቢና አልሳቀችም። እንዴት ይህን ሳታስበው ቀረች? እጅ ቢታሰር እግር አለ፤ ክብደት አለ። መመሪያው ስለ እግር አንድ ቃል አይልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ እጃቸውን ዴስክ ላይ ዘርግተው በዴስኩ ሥር በእግራቸው ይለማመዳሉ፦ ከአፍንጫ ወዲህ ቀኝ እግር መሬቱን ይጫናል፤ አፍንጫ ላይ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግራው። ከባድ ነው። ክር ይታያል፤ ክብደት አይታይም። የለወጡ ይመስላቸዋል እንጂ ሳይለውጡ ይቀራሉ፤ አንዳንዱም ሁለቴ ለውጦ ተመልሶ እዚያው ይገኛል።

ሌላው ችግር የከፋ ነው። ልጆቹ ፈተናውን ከወደቁ ወዲህ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ማሳ መልሰዋል። ከሠላሳ አንዱ ወደ ክፍል የሚመጡት አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አራቱ ሁሉም ቢያልፉ እንኳ አሥራ ስድስት አይሞሉም። ሮቢና ከትምህርት በፊት በየማሳው እየዞረች ትለምናለች። አንዱ አልሰማም ይላታል፤ ሌላው እሺ ብሎ አይልክም። ሙሱን ፊት ለፊት ነገራት።

"አንዴ ወደቀች። ሁለተኛ እንድትወድቅልሽ ነው?"

"አትወድቅም።"

"ባለፈውም እንዲህ ብለሽኝ ነበር፣ እህቴ።"

"ልክ ነህ።"

"ልጄ ሳቂታ ነበረች፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን 'ይህ ስንት ነው' ብዬ ስጠይቃት እጇን ከጀርባዋ ትደብቃለች። እቤቷ! በአባቷ ፊት!" መቆፈሪያውን መሬት ላይ ሰካ። "ትምህርት ቤት አልልካትም። ማሳ መጥተሽ ማነጋገር ከፈለግሽ ግን አልከለክልሽም። ሥራ እንዳታስፈቺያት ብቻ።"

አሁን ሦስት ሳምንት ቀርቷል። የሚመጡት አሥራ አምስት ደርሰዋል፤ ዬሊፕ ብትጨመር አሥራ ስድስት ይሆናሉ፤ አንዱም መሳት የለበትም። ሮቢና በየጠዋቱ የጎደሬውን ማሳ አቋርጣ ወደ ሙሱን ስኳር ድንች ትወጣለች። ሌሊት በጣለው ዝናብ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይሰምጣል። ከዬሊፕ ጎን ያለውን ትልም ይዛ፣ ቁርጥራጩን ሐረግ አብራት እየተከለች፣ የእግሩን መላ እየነገረቻት ትሄዳለች። የልጅቷ ሁለት እጆች ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ ልትነካባቸውም ልትደብቃቸውም አትችልም።

"አሥራ ሦስት ሲደመር ዘጠኝ" ትላታለች፣ ቀና ሳትል።

ዬሊፕ ሁለት ሐረግ ትተክላለች፤ ሦስተኛውን።

"አትናገሪ። መልሱን አልፈልግም። እግርሽን ብቻ አሳዪኝ።"

ሙሱን ከማሳው ጫፍ ሥራውን አቁሞ ይመለከታል። የልጅቷ ቀኝ እግር ጭቃው ውስጥ ጠልቋል። ሮቢና ትልሟ ላይ ተንበርክካ፣ እጇ ሐረግ እንደያዘ፣ ያን እግር ትጠብቃለች፤ ከጭቃው እስኪነሣ።